ከወረርሽኙ በኋላ ስለ ቤተ መዘክሮች ድጋፍ የተነገረው ቃል ከቴፒ አንጻር ሲመረመር

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቶች፣ መሰብሰቢያ አዳራሾችና ቤተ መዘክሮች ተራ በተራ በሮቻቸውን ዘጉ። በዚያው ወራት በሌላው ዓለም የሆነውም ይኸው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ ስለ ደረሰው ጉዳት ሁለት ሪፖርቶች አውጥቶአል፤ የመጀመሪያውን በግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.። የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኋላም፣ ቤተ መዘክሮችን ስለ መርዳት በየስብሰባው የሚነገረው ቃል በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ሪፖርቶች የተቀዳ ነው። ስለዚህ ሪፖርቶቹ የያዙትን ቁም ነገር መርምሮ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቡናና በቅመማ ቅመም አገር መካከል ለምትገኘው ለቴፒና ለመሰሎችዋ ምን እንደሚፈይድ መመዘን ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ሪፖርት በዓለም ላይ የሚገኙትን ቤተ መዘክሮች 95,000 ያህል አድርጎ ይቆጥራል፤ ከእነዚህም ከመቶ 90 እጅ፣ ይኸውም ከ85,000 የሚበልጡት፣ ለአጭር ወይም ለረጅም ጊዜ እንደ ተዘጉ ይገልጻል። የዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ምክር ቤት በዚያው ጊዜ ባደረገው ምርመራ ደግሞ፣ ከመቶ 13 የሚጠጉት ምናልባት ዳግመኛ ሳይከፈቱ ይቀሩ ይሆናል የሚል ሥጋት ተመልክቶአል። ሁለተኛው ሪፖርት ቍጥሩን ወደ 104,000 ከፍ አድርጎ፣ ቤተ መዘክሮች እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ ለ155 ቀናት ተዘግተው እንደ ነበር፣ የጎብኝው ብዛት ከመቶ 70፣ ገቢውም ከመቶ 40 እስከ 60 እንደ ቀነሰ፣ መልስ ከሰጡት መንግሥታትም በግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ለቤተ መዘክር የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ እንደ ጎደለ ይዘረዝራል።

ሪፖርቶቹ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቤተ መዘክር በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚዘነጋ ተቋም መሆኑን በአኃዝ አሳይተዋል። ሁለተኛ፣ ሀብታሙ አገርና ድኻው አገር በአንድ ሚዛን የሚለኩ አለመሆናቸውን አልሸሸጉም፤ በመላው አፍሪካ የተቆጠሩት ቤተ መዘክሮች 841 ብቻ፣ ከዓለሙም ድምር ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሦስተኛ፣ ድጋፍ የምጽዋት ጉዳይ ሳይሆን መንግሥታት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ቤተ መዘክሮችና ስለ ስብስቦች ጥበቃ የተቀበሉት የውሳኔ ሐሳብ የሚያስከትለው ግዴታ መሆኑን አስታውሰዋል።

ነገር ግን የሪፖርቶቹ ሚዛን ራሱ መመርመር አለበት። የጉዳቱ መለኪያ የተደረገው የተዘጋ በር፣ የቀረ ጎብኚና ያልተሸጠ ትኬት ነው። ለፓሪስ ወይም ለለንደን ይህ መለኪያ ትክክለኛ ነው፤ በዚያ ስብስቡ ተመዝግቦአል፣ ጠባቂው ደመወዝተኛ ነው፣ ሕንጻውም ጸንቶ ቆሞአል። ስለዚህ ጉዳት ማለት የገቢ መቋረጥ ማለት ነው። ከዞንና ከወረዳ የባህል መሥሪያ ቤት ክፍል ያላለፈ፣ የተመዘገበ ስብስብም ሆነ ቋሚ ጠባቂ የሌለው አካባቢ ግን በዚህ ሚዛን ሲታይ ምንም ያልጎደለበት ይመስላል። ትኬት ሸጦ የማያውቅ፣ የትኬት ገቢ ጎደለበት ተብሎ አይቆጠርምና። የአፍሪካ ቤተ መዘክሮች 841 ናቸው የሚለው ቃል የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ከቍጥሩ ውጭ ስለ ቀረው ነገር አንዳች አይናገርም። ከቍጥሩ ውጭ የቀረው ደግሞ በሞትና በብስባሽ በየዓመቱ የሚያልቀው ነው።

ይህን ለመረዳት የቴፒን ምድርና ሕዝብ መመልከት ይበቃል። ከተማይቱ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዓመቱ ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አየርዋም ሞቃትና እርጥብ ነው። በአካባቢው ሸኮዎች፣ መዠንግሮችና ሸካቾዎች ይኖራሉ፤ ወደ ደቡብ ቤንቾች፣ ወደ ምሥራቅም ካፋዎች ይዋሰኗቸዋል። በንግድ፣ በቡና እርሻ ሥራና ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በተደረገው ሰፈራ ከሰሜንና ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል የመጡ ብዙዎች አብረው ይኖራሉ። የነዚህ ሕዝቦች የእጅ ሥራ በአብዛኛው የእንጨት፣ የቀርከሃ፣ የቅልና የቆዳ ሥራ ነው። መዠንግሩ ከግንድ ፈልፍሎ በረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ቀፎ፣ ሸካቾው እንሰት የሚፍቅበት መሣሪያ፣ ቤንቹ የቡና ቅጠል ከቅመማ ቅመም ጋር አፍልቶ ጨሞ የሚጠጣበት ዕቃ፣ ሁሉም በምስጥና በሻጋታ አገር የተሠሩ ናቸው። የአክሱም ሐውልት ጠባቂ ሳይቆምለት ሁለት ሺሕ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ የመዠንግር ቀፎ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ አይጠብቅም። እስካሁን የኖረው አሮጌው ሲበሰብስ አዲስ የሚሠራ እጅ ስላልጠፋ ነው። ጫካው ለቡናና ለሻይ እርሻ እየተመነጠረ፣ የፕላስቲክና የቆርቆሮ ዕቃ ገበያውን እየያዘ በሄደ መጠን ይህ እጅ ይታጠፋል። ወረርሽኙም ከሁሉ ይልቅ የበረታው በአረጋውያን ላይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዕቃውን የሚሠሩት፣ ስሙንና ሥርዓቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ በዚህ አገር የወረርሽኙ ጉዳት በትኬት ሳይሆን በሰው ዕውቀት ሊለካ ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚሁ አገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በማጂ አቅጣጫ ካለው ጫካ፣ የቡና ዘር በእንግሊዞች ተሰብስቦ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ ታንዛኒያ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ወደሚገኘው ወደ ቱሪያልባ የምርምር ጣቢያ ገብቶ 2722 የሚል ቍጥር ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ በዋጋም ሆነ በዝና ከሁሉ የበለጠው የጌሻ ቡና ይህ ነው። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የተላለፈው ዘር ቍጥርና መዝገብ ስለ ነበረው፣ ከሰባ ዓመት በኋላ የመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊታወቅ ቻለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቦታ፣ ማለትም ዘሩ በተለቀመበት ጫካ፣ መዝገቡ እጅግ ደካማ ነበር፤ ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ሰው ይዞታ፣ በምን ስም ይጠራ እንደ ነበር በሚገባ አልተጻፈም። በዚህም የተነሣ እናት ዛፉ የቆመበት ስፍራ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከዝናው የሚገኘውም ጥቅም ለየትኛው መንደር እንደሚገባ የሚያመለክት ጽሑፍ የለም። አንዲት ፍሬ እንኳ ይህን ያህል መዝገብ ካስፈለጋት፣ የሕዝብ ዕቃ ያለ መዝገብ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

የዚህ አገር ዕቃና ታሪክ ከነጭራሹ አልተሰበሰበም ማለት ግን አይደለም። ስብስቡና ጽሑፉ በአብዛኛው የሚገኘው ከአገሩ ውጭ ነው እንጂ። ኦስትርያዊው ፍሪድሪኽ ዩልየስ ቢበር በካፋ የሰበሰበው ዕቃ በቪየና ይገኛል፤ ስለ ካፋ የጻፋቸው ሁለት ጥራዞችም እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታትመዋል። የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በላካቸው ተመራማሪዎች አማካይነት ብዙ ዕቃ፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ አከማችቶአል። ስለ መዠንግሮች አኗኗር የተጻፈው የጃክ ስታውደር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው በካምብሪጅ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን ብሔራዊው ቤተ መዘክርና በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። እነዚህ ሁሉ ባይሰበስቡት ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበርና ሊወቀሱ አይገባም። የሚያስወቅሰው፣ በቴፒ ወይም በሚዛን የሚማር ተማሪ የአያቱን ዕቃ ለማየት ቪየና ወይም አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቆጠሩ ነው።

የሪፖርቶቹ ሁለተኛ ጉድለት ከመድኃኒቱ ላይ ነው። በተዘጋው በር ምትክ ስብስብን በኢንተርኔት ማሳየት እንደ ዋና መፍትሔ ቀርቦአል፤ በአፍሪካና በትንንሽ ደሴት አገሮች ይህን ለማድረግ የቻሉት ቤተ መዘክሮች ከመቶ 5 ብቻ መሆናቸው ደግሞ እንደ ትልቅ ጉድለት ተጠቅሶአል። ጉድለት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጉድለቱ ሥር የኮምፒዩተር እጦት ብቻ አይደለም። ያልተመዘገበን ዕቃ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ስምና ታሪክ የሌለው ሥዕል ማብዛት ነው። በፎቶግራፉ ሥር «የእንጨት ዕቃ፣ ደቡብ ምዕራብ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ከምን እንጨት፣ በምን ቋንቋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ወንድ ወይስ ሴት እንደሚይዘው ካልታወቀ፣ ለጥናት አንዳች አይረባም። የማተሚያና የማሳያ መሣሪያ ከመዝገብ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘቡ ይባክናል።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው በውጭ ሰዎች ምክር ብቻ ነው ቢባል ግን አድልዎ ይሆናል። በአገር ውስጥ የተለመደው አሠራር ራሱ ሕንጻን ከስብስብ፣ ምርቃትን ከጥበቃ የሚያስቀድም ነው። ከኢትዮጵያ ሁለት ሺሕኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ በቦንጋ የታሰበው ብሔራዊ የቡና ቤተ መዘክር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ሐሳቡ እጅግ የሚያስመሰግን ነበር፤ ቡና የሕዝብ ታሪክ በሆነበት አገር የቡና ቤተ መዘክር ማቆም ከማንኛውም ሌላ ሥራ ይልቅ ይገባል። ዳሩ ግን ሕንጻው ከቆመ በኋላ የሚታየው ስብስብና የሚያስተዳድረው ባለሙያ ለብዙ ዓመታት ሳይሟሉለት ቆይቶአል። ይህ የሆነው የቦንጋ ሰዎች ግድየለሾች ስለ ሆኑ አይደለም። የካፒታል በጀት ለሲሚንቶና ለብረት በአንድ ጊዜ ሲወጣ ማንም በዓይኑ ያየዋል፤ ለመዝጋቢ፣ ለጠባቂና ለዕቃ ጥገና በየዓመቱ መመደብ ያለበት መደበኛ በጀት ግን የሚመረቅ ነገር ስለሌለው ጠበቃ አያገኝም። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከፍተዋል፤ ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ አገሪቱ ለቤተ መዘክር ገንዘብ ፈጽሞ የላትም የሚለውን ምክንያት ግን ከእንግዲህ ያፈርሱታል። እንግዲህ ጥያቄው ገንዘብ የመኖሩና ያለመኖሩ ሳይሆን፣ የሚሄድበት ስፍራና የሚውልበት ነገር ነው።

በጂንካ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማእከልና ቤተ መዘክር ከዚህ የተለየ መንገድ ያሳያል። ማእከሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀመር፣ በሐመርና በአካባቢው ሕዝቦች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የመስክ ጥናት ያደረጉት ኢቮ ሽትሬከር ከደከሙለት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የጀርመን ገንዘብ ረድቶታል፤ ይህም ማእከሉን በውጭ ሰው ትከሻ ላይ ያቆመው በመሆኑ እንደ ድካም ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም የሚመሰገንበት ነገር አለ፤ ቤተ መዘክሩ ከምርምሩ ተነጥሎ አልቆመም፤ ዕቃው የመጣው ዕቃውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነው። ቴፒ በዚህ ረገድ ከጂንካ የጀመረችበት ጊዜ ይልቅ የተሻለ መሠረት አላት። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ግቢ አለው፤ የቅመማ ቅመምና የቡና ዘር እየለቀመ የሚመዘግብ የግብርና ምርምር ማእከልም አለ። ለኮረሪማ፣ ለቁንዶ በርበሬና ለዝንጅብል ቍጥርና መዝገብ የሚሰጥ ከተማ፣ ለቀፎና ለእንሰት መፋቂያ መዝገብ ለማውጣት ዕውቀት አነሰኝ ሊል አይችልም።

ድጋፉ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በሪፖርቶቹ ውስጥ በአብዛኛው ለመንግሥት ድጎማና ለጎብኚ መመለስ የተተወ ነው። በቴፒ በኩል ግን ጎብኚን መጠበቅ ከንቱ ነው። በወረርሽኙ ዘመን የታየው ትልቁ ትምህርት፣ በቱሪስት ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ተቋም ቱሪስቱ በቀረ ዕለት የሚወድቅ መሆኑ ነው። የካፋ፣ የሸካና የመዠንግር ጫካዎች በ2002፣ በ2004 እና በ2009 ዓ.ም. በተከታታይ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል፤ ይህ ክብር በየዓመቱ የጠባቂ ደመወዝ የሚከፍል ሀብት ገና አልሆነም። የአገሩ የማይቋረጥ ሀብት ቡናው ነው። በቦንጋና በሚዛን ያሉት የቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየኖች፣ በበበቃና በቴፒ ያሉት ሰፋፊ እርሻዎች፣ ላኪዎቹም ጭምር፣ ቡናቸውን በውጭ ገበያ የሚሸጡት በአገሩ ስምና በጫካው ታሪክ ነው። ስሙንና ታሪኩን የሚሸጥ ነጋዴ ስሙንና ታሪኩን ለሚጠብቅ ቤት ከትርፉ ጥቂት ቢመድብ የልግስና ሥራ አይባልም፤ የንግዱ ወጪ ነው። የክልሉ መንግሥት ደግሞ የአንድ መዝጋቢና የአንድ ጠባቂ ደመወዝ በመደበኛ በጀቱ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ካልተደረገ የዩኒየኑም ሆነ የውጭ ርዳታው ገንዘብ የሚይዘው እጅ አያገኝም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው ሊያነሣው የሚችለው ብርቱ ክርክር ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤተ መዘክሩ የማን ይሆናል የሚል ነው። በቴፒ ይህ ጥያቄ ከቶ ቀላል አይደለም። የአስተዳደርና የማንነት ጥያቄ በ1994 እና በ2011 ዓ.ም. በከተማይቱና በአካባቢዋ ወደ ግጭት ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፍቶአል፤ የትምህርት ሥራም ታውኮአል። በኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቴፒ ከቦንጋ፣ ከሚዛን አማንና ከተርጫ ጋር ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። በእንዲህ ያለ ስፍራ የአንዱን ሕዝብ ዕቃ በመግቢያው፣ የሌላውን በጓዳ የሚያስቀምጥ ቤተ መዘክር ከሌለ ይልቅ የሚጎዳ ይሆናል። በተለይም ማንጆዎችን የመሰሉ፣ ለብዙ ዘመን በአደን ሥራቸው የተነሣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ሲደረግ የኖሩ ሰዎች ጉዳይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። የአደን መሣሪያቸውን ሰብስቦ ስማቸውን መደበቅ ወይም የቆየውን ንቀት በመግለጫ ጽሑፍ መድገም፣ ቤተ መዘክርን የአድልዎ ምስክር ያደርገዋል።

ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያስከትለው ውጤት ሥራውን መተው ሳይሆን ሥራውን ከመዝገብ መጀመር ነው። ሕንጻ አንድ መግቢያና አንድ ባለቤት አለው፤ ስለዚህ ያጣላል። መዝገብ ግን እያንዳንዱን ዕቃ በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ ቋንቋ፣ በባለቤቱ ምስክርነት ሊይዝ ይችላል፤ ዕቃውም ባለቤቱ ቤት ሳለ ሊመዘገብ ይችላል። ሸኮው በሸኮ ቋንቋ፣ መዠንግሩ በመዠንግር፣ ሰፋሪውም ከወሎ ይዞት የመጣውን ሞሰብ በራሱ ቃል ቢያስመዘግብ፣ አንዱ የሌላውን የሚሻማበት ነገር የለም። ዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በፕራግ የተቀበለው አዲሱ የቤተ መዘክር ትርጓሜም የማኅበረሰብን ተሳትፎና የማይዳሰስ ቅርስን በግልጽ ስለሚያካትት፣ እንዲህ ያለው አሠራር ከዓለሙ ሕግ የወጣ አይሆንም። መዝገብ በክፉ ቀንም ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በደሴ የነበረው ቤተ መዘክር በጦርነቱ ሲዘረፍ፣ የጠፋውን ዕቃ ለማስመለስ ለሚደክም ሰው መነሻ ሊሆነው የሚችለው የተጻፈው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ያልተጻፈ ዕቃ ቢሰረቅ ከሳሽ አያገኝም።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ሁለቱ ሪፖርቶች ቤተ መዘክር ያላቸው አገሮች ያላቸውን እንዳያጡ የተጻፉ ናቸው። ለዚህ ዓላማ በቂዎች ናቸው፤ አኃዛቸውም ለማንኛውም የበጀት ክርክር ይጠቅማል። ያልጀመሩትን እንዴት ማስጀመር እንደሚገባ ግን አያስተምሩም፤ እንደሚያስተምሩ ተቆጥረው በየክልሉ ቢጠቀሱ ደግሞ ያሳስታሉ። ለቴፒና ለአካባቢዋ የሚበጀው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ደመወዝ ያለው መዝጋቢ፣ ቀጥሎ በየቋንቋው የተጻፈ መዝገብ፣ ከዚያ ምስጥና እርጥበት የማይደርስበት መደርደሪያ፣ በመጨረሻ ሕንጻ ነው። በወረርሽኙ ዘመን ያለፉት አረጋውያን የያዙት ዕውቀት በማንኛውም ርዳታ አይመለስም። ያሉት ግን ገና አሉ፤ ቀፎ የሚፈለፍሉት፣ የዕቃውን ስም የሚያውቁት በየኪና በአንድራቻ መንደሮች ዛሬም ይገኛሉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ደብተር ይዘው ወደነዚህ መንደሮች እንዲሄዱ ለማድረግ፣ የሕንጻ ምርቃትም ሆነ የውጭ ብድር መጠበቅ አያስፈልግም።